ደብረ ብርሃን ተወልጄ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ራሴን አመመኝ? አንጎላችን ከፍታ ላይ ደሙን እንዴት እንደሚያስተካክል

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች፣ ዱባይ 9 ዓመት የሰራች እህት ናት። ሰሞኑን በጠዋት በረራ አዲስ አበባ ገብታ በዛው ቀን በመኪና ደብረ ብርሃን ደረሰች፣ ማታውኑ ራሷን ወጥሮ ያዛት፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ እናቷ ግን ሰባ አልፏቸው ዳገቱን ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። ጓደኛዋ "ደጋ ላይ ደም ወደ ጭንቅላት በደንብ አይደርስም" ብላታለች። ከሳምንት በኋላ የ6 ዓመት ልጇን ይዛ ስሜን ተራራ ልትሄድ አስባለች፣ "ተወላጅ ሆኜ እንዴት እንዲህ ይሆናል? ልሂድ ወይስ ልቅር?" ነው የምትለው።

እህቴ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። የነርቭ ሐኪም ነኝ፣ ነገሩ ደግሞ በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ረዘም አርጌ ነው የምመልስልሽ። መጀመሪያ የጓደኛሽን አባባል እናንሳ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። ከፍታ ላይ አዲስ በወጣ ሰው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም አይቀንስም፣ እንደውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨምራል። የሚቀንሰው ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን ነው፣ ፍሰቱ የሚጨምረውም ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ቁጭ ብለን ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን እሱ ይወስዳል፣ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ኦክስጅን ደግሞ የለውም፣ ስለዚህ በየሰከንዱ መምጣት አለበት። ደሙ የሚደርሰው በአራት ደም ቅዳዎች ነው፣ ሁለቱ ከጉሮሮሽ ግራና ቀኝ ጣትሽን ስታሳርፊ ምቱ በሚሰማሽ መስመር የሚወጡት ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው ይገባሉ፣ ከዛ አንጎል ስር ተገናኝተው ክብ ይሰራሉ። በጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ 700 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደም በነዚህ አራቱ ያልፋል።

አሁን ከፍታውን እናምጣው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ዱባይም ደብረ ብርሃንም ያው 21 በመቶ ነው፣ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ትንሽ ይብሳል፣ ስሜን ውስጥ ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ስትደርሺ ከሲሶ በላይ ጎድሏል፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና የቀረው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ኦክስጅኑን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ኃይልም አብሮ ያንሳል።

አንጎል ይሄን ሲያይ ምን ያደርጋል? እዚህ ጋር ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ በታች መውረድ ሲጀምር የአንጎል ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ አዴኖሲን፣ ሌሎችም ኬሚካሎች ተባብረው የደም ስሩን ግድግዳ ጡንቻ ያላሉታል፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ራሳቸው እንኳን ኦክስጅናቸውን ሲለቁ የሚያወጡት ምልክት አለ፣ ስለዚህ ፍሰቱ ይጨምራል። ይሄ አንዱ ወገን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንገትሽ ላይ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ካሮቲድ ቦዲ የምትባል በጣም ትንሽ ኦክስጅን የምትለካ አካል አለች፣ ኦክስጅን ሲያንስባት ቶሎ ቶሎና ጠለቅ አርገሽ እንድትተነፍሺ ታዛለች፣ አንቺ ሳታውቂው ትንፋሽሽ ይጨምራል። ብዙ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድሽ ተጠርጎ ይወጣል። የአንጎል ደም ስር ደግሞ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም ስሱ ነው፣ ሲበዛ ይሰፋል ሲያንስ ይጠባል፣ እያንዳንዷ 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስትቀንስ ፍሰቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አየሽ፣ ያው አንድ የኦክስጅን እጥረት በአንድ በኩል ደም ስሩን ያሰፋል፣ በሌላ በኩል በትንፋሽ በኩል ዞሮ ያጠበዋል። ገመድ ጉተታ ነው። የመጨረሻው ፍሰት የሚወሰነው የቱ ወገን ምን ያህል ጎተተ በሚለው ነው፣ ሁለት ወንድማማቾች አብረው አንድ ተራራ ወጥተው አንዱ ሲታመም ሌላው ደህና የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም የየሰዉ የትንፋሽ ምላሽ ስለሚለያይ ነው።

ይሄንን ሰው ላይ ከለኩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆን ሴቨሪንግሃውስ ነው፣ ዛሬ ሆስፒታሎች ውስጥ የምናየውን የደም ጋዝ መመርመሪያ ማሽን መጀመሪያ የሰራው ሰው ማለት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ካሊፎርኒያ ኋይት ማውንቴን 3,810 ሜትር ላይ ወጥተው ሲለኩ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት የአንጎል ደም ፍሰት 24 በመቶ ጨምሮ አገኙት፣ ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ግን ጭማሪው ወደ 13 በመቶ ወርዷል። ከዛ ወዲህ የተሰሩ ብዙ ጥናቶችም ይሄንኑ ቅርጽ ነው የሚያሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ጣሪያ ይደርሳል፣ ከዛ ከአንድ እስከ ሶስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይጠጋል። (ዛሬ ብዙዎቹ መለኪያዎች በድምፅ ሞገድ በሚሰራው ዶፕለር በሚባል መሳሪያ ናቸው፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት በላይ ያለው ቀጭን አጥንት ላይ መሳሪያውን አስደግፈሽ ውስጥ ያለውን ትልቅ የአንጎል ደም ቅዳ ታዳምጫለሽ። ግን ዶፕለር የሚነግርሽ ፍጥነቱን ነው፣ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደም ቅዳው ራሱ እንደሚሰፋ ስለታወቀ ፍጥነቱን ብቻ ይዞ ስለ ፍሰቱ መናገር ያሳስታል። ድሮ የወጡ ቁጥሮችን ስታነቢ ይሄን አስታውሺ።)

ለምንድነው ፍሰቱ ተመልሶ የሚወርደው? አንጎል ደክሞት ወይ ተሸንፎ አይደለም። አንጎል የሚጠብቀው የደሙን መጠን ሳይሆን የሚደርሰውን ኦክስጅን ነው፣ ያ ማለት ፍሰቱ ሲባዛ በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ማለት ነው። በመጀመሪያ ቀን ጠብታዋ ውስጥ ያለው ስላነሰ ፍሰቱን ጨመረ። ከዛ ሌላው ሰውነት ይደርስለታል። ኩላሊት ባይካርቦኔት በሽንት እያስወጣ የደሙን አሲድ ሚዛን ያስተካክላል፣ ከፍታ ላይ ሽንት የሚያመላልስሽ አንዱ ለዚህ ነው፣ በዚህም ምክንያት ትንፋሽሽ ሳይገታ የበለጠ መጨመር ይችላል፣ የደምሽ ኦክስጅን ከፍ ይላል። በመጀመሪያ ሁለት ቀን ውስጥ የደሙ ውሃ ስለሚቀንስ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ጠጠር ይላል። ከዛ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ስለሚለቅ መቅኒ አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎች ያመርታል፣ ይሄ ሳምንታት ይፈልጋል፣ አይረን ካነሰሽ ደግሞ ይጓተታል። ጠብታዋ ስትሞላ አንጎል ያን ሁሉ ተጨማሪ ደም አያስፈልገውምና ፍሰቱን ይመልሳል። የሚገርመው በዚህ ሁሉ መሀል ጤነኛ ሰው ላይ ለአንጎል በጠቅላላው የሚደርሰው ኦክስጅን ብዙም አይናወጥም። ደሙ የሚከፋፈልበት መንገድም ዝም ብሎ አይደለም፣ ጭማሪው በኋላ በኩል በሚገቡት ሁለቱ ደም ቅዳዎች በርከት ይላል፣ እነሱ ደግሞ ትንፋሽንና የልብ ምትን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ የሚመግቡት ናቸው።

ሌላም ዝግ ያለ ለውጥ አለ። ሴሎች ኦክስጅን ሲያንስባቸው ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ይከማቻል፣ ለዚህ ግኝት ነው ሰሜንዛ፣ ራትክሊፍና ኬሊን በ2019 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት፣ ይሄ ፕሮቲን ብዙ ጂኖችን ያስነሳል፣ አንዱ አዲስ ቀጫጭን የደም ስር የሚያበቅለው ነው። አይጦች ላይ ሶስት ሳምንት አካባቢ ኦክስጅን አሳንሰው ሲያቆዩአቸው አንጎላቸው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ደም ስሮች በዝተው ይገኛሉ፣ ወደ መደበኛው አየር ሲመልሷቸው ደግሞ ትርፎቹ ይጠፋሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዢልኝ ምክንያቱም ወደ ጥያቄሽ የምትወስደን እሷ ናት።

ለከፍታ የሚደረግ መላመድ ቶሎ ይመጣል፣ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ይሄዳል። አንቺ ልጅ ሆነሽ ደብረ ብርሃን ስትሮጪ የነበረሽ ትንፋሽ፣ የነበረሽ ሄሞግሎቢን፣ የነበረሽ የደም ሚዛን ዱባይ ላይ 9 ዓመት አልጠበቀሽም። ትርፍ ቀይ ሴሎች ባህር ጠለል ላይ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ፣ የትንፋሽ መላመዱም በቀናትና በሳምንታት ይለቃል። ስለዚህ በዛ ማታ ደብረ ብርሃን የገባችው ሴት በደሟ የዱባይ ሰው ናት፣ በዛ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየርም ቢሆን 2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለ ያህል ነው የሚደረገው፣ ስለዚህ ጉዞው የጀመረው ቦሌ ሳትደርሺ ነው። እናትሽ ግን ከዛ አልወጡም፣ ሰውነታቸው ዕድሜ ልኩን እዛው ሲያስተካክል ነው የኖረው። ማንም "ተወላጅ ስለሆንሽ አይነካሽም" ቢልሽ አትቀበዪው፣ ይሄ አባባል ሰው ምልክቱን ንቆ እንዲወጣ ስለሚያደርግ በጣም ያሳስበኛል።

በዘር የሚወረስ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም፣ አለ፣ የኛው ደጋ ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ሶስት ታላላቅ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ፔሩ ውስጥ ሴሮ ዴ ፓስኮ በምትባል 4,300 ሜትር ላይ ባለች የማዕድን ከተማ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በጣም ከፍ ይላል፣ ደማቸው ይወፍራል፣ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ፍሰትም ከሂማላያ ሰዎች ያነሰ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ጠብታዋ በኦክስጅን ስለሞላች ትንሽ ፍሰት ይበቃል፣ ወፍራም ደምም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ግን ዋጋ አለው፣ አንዳንዶቹ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር ደም ከ21 ግራም አልፎ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ የእንቅልፍ ችግር፣ የከንፈር መጥቆር ይመጣባቸዋል፣ ካርሎስ ሞንጌ የሚባል ፔሩዊ ሐኪም በ1925 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ ነው፣ እስከዛሬም በስሙ ይጠራል። ቲቤቶች ደግሞ በተቃራኒው ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አይጨምርም፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ብሎም ፍሰታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ፣ ለዚህ የሚረዳቸው የጂን ዓይነት ዴኒሶቫን ከሚባሉት ጥንታውያን ሰዎች የመጣ መሆኑም ታውቋል።

የኛዎቹስ? ሲንቲያ ቢል የምትባል አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር ስሜን ውስጥ አምባራስ 3,530 ሜትር ላይ 236 ነዋሪዎችን መርምራ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ውጤት ባለሙያውን ሁሉ ነው ያስገረመው። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ። ማለትም ደማቸው እንደ አንዲስ አልወፈረም፣ ኦክስጅናቸውም እንደ ቲቤት አልወረደም፣ ከባህር ዳርቻ ሰው ብዙም አይርቁም። ሶስተኛ መንገድ ማለት ነው፣ ጂኖቹም ሲፈተሹ በአብዛኛው የቲቤቶቹ ዓይነት አልሆኑም። የአንጎል ደም ስራቸውን በዶፕለር ያየው ጥናት የተሰራው ከ10 ባነሱ ወንዶች ላይ ስለሆነ ትልቅ ድምዳሜ አልሰራበትም፣ ግን ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጡት ምላሽ ከፔሩዎቹ የጠነከረ ሆኖ ነው የተገኘው፣ ይሄ ደግሞ የደም ስሩ መስፋትና መጥበብ መቻሉን እንደጠበቀ ያሳያል። ሰው በሀገራችን ከፍታ ላይ መኖር የጀመረበትም ጊዜ ሩቅ ነው፣ ባሌ ተራራ ፍንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ 3,469 ሜትር ላይ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። የኛን ሰው አንጎል በደንብ የሚለካ ትልቅ ጥናት እዚሁ በኛው ልጆች ቢሰራ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ወደ ራስ ምታትሽ ልመለስ። አንጎል ራሱ ህመም አይሰማውም፣ የሚያመው የሸፈኑት ሽፋኖችና እዛ ላይ ያሉት የደም ስሮች ናቸው። ደም ስሮች ሲሰፉ፣ የራስ ቅል ደግሞ ዝግ ስለሆነ፣ ውስጡ ይጣበባል፣ ደሙን የሚመልሱት ስሮች በተፈጥሮ ጠበብ ያሉበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይወጠራል። ግን ፍሰቱ የጨመረበት ሰው ሁሉ አይታመምም፣ ስለዚህ ደም ስለበዛ ብቻ ነው ብዬ አልደመድምልሽም። ሌሊት የሚብሰው ስንተኛ ትንፋሽ ስለሚቀንስና አንዳንዴም ቆም እያለ ስለሚሄድ የደም ኦክስጅን የበለጠ ስለሚወርድ ነው፣ ድንገት ባንነሽ አየር ፈልገሽ ከነበረም ለዛ ይሆናል። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን የሚጀምርና በሁለት ሶስት ቀን የሚለቅ ራስ ምታት የከፍታ ህመም ነው፣ ያንቺም ይመስላል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ውሰጂ፣ ውሃ ጠጪ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን ይቅርብሽ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቅሻለሁ፣ ማታ የተኛሽበት ክፍል ውስጥ ከሰል ነበረ? ደብረ ብርሃን ብርዱ የታወቀ ነው፣ እንግዳ መጣ ተብሎ በሩ ተዘግቶ ምድጃው አጠገብሽ ከተቀመጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ጋዝ ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ከከፍታው ላይ ተደምሮ አንጎልን ያስርበዋል፣ ምልክቱ ደግሞ ያው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መጫጫን ነው። ጣት ላይ የምትሰካዋ ኦክስጅን መለኪያ ይሄን አትለይም፣ ጤነኛ ቁጥር ነው የምታሳይሽ። መለያው ቀላል ነው፣ አብረውሽ ያደሩትም ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ወጣ ስትዪ ቶሎ ከተሻለሽ ከሰሉን ጠርጥሪ፣ ምድጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ስቶ ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ደግሞ አውጥታችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ስሜን ሂጂ፣ አትቅሪ። ሳምንት ደብረ ብርሃን መቆየትሽ ራሱ ይጠቅምሻል። ችግሩ ደባርቅ ድረስ ደርሶ በዛው ቀን በመኪና ጨነቅ ገብቶ እዛው ማደር ነው፣ መንገዱ ስላለ ሰው ያደርገዋል። ደባርቅ እደሪ፣ ከዛ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ እደሪ፣ ከዛ ግጭ ወይም ጨነቅ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሪበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው ደንቡ፣ ቀን ከፍ ብሎ ማታ ወርዶ ማደር ችግር የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ ስለታመምሽ አሴታዞላሚድ ስለሚባለው መድኃኒት ከመሄድሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፣ ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፣ ኩላሊትን ባይካርቦኔት ቶሎ እንዲያስወጣ አርጎ በቀናት የሚመጣውን መላመድ ያፈጥነዋል፣ የሰልፋ አለርጂ ካለሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ቀድመሽ ተናገሪ።

የማልደራደርበት አንድ ምልክት አለ። ራስ ምታቱ ላይ መንገዳገድ ወይም መዘባረቅ ከተጨመረበት አንጎሉ ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነው። ሰውየውን የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ በቀጭን መስመር አስር እርምጃ እንዲሄድ አድርጊው፣ ካልቻለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች፣ ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን ካለ ይሰጠው፣ ግን መድኃኒቱን እየጠበቃችሁ አትቀመጡ።

ልጅሽ ደግሞ ራሴን አመመኝ ላይልሽ ይችላል። የ6 ዓመት ልጅ ይነጫነጫል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ጨዋታ ትቶ ይተኛል፣ ከፍታ ላይ ይሄን ካየሽ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከፍታው ነው ብለሽ ያዢው። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ሳንባው ላይ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ደጋ ተወልደው ቆላ ከርመው የተመለሱ ልጆች ላይም የሚታይ ነገር ነው። ለሱ ሳንቃበር አድሮ ቀን ላይ ጨነቅ ደርሶ መመለስ በቂ ነው፣ ጭላዳዎቹንም ዋልያውንም ቀን ያያቸዋል፣ መኪናው ግን ማታ ካምፑ አጠገብ እንዲያድር ከአስጎብኚው ጋር ከደባርቅ ሳትነሱ ተስማሙ።